ገናን እናውቃለን ወይ?

የፈረንጆች ታኅሣሥ በገባ ቁጥር እዚህ ስዊድን አገር አንድ ዘፈን ይከተለናል። ወተት ልንገዛ ሱቅ ስንገባ ይቀበለናል፤ ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ይሸኘናል። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ለአገራችን ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ የተሠራ ነው። ርእሱ ጥያቄ ነው፦ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ይላል። «ያውቃሉ ወይ» የተባልነው መቼም እኛው ነን።

እኛም በያመቱ ወረፋ ላይ ቆመን እርስ በርስ እንተያያለን፤ ግማሻችን ይስቃል፣ ግማሻችን ይበግናል። «ክርስትና አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በ4ኛው ምእተ ዓመት! የእነዚህ አያቶች ያን ጊዜ ለነጎድጓድ ይሰግዱ ነበር!» እንላለን። እንላለን እንጂ የምንለው በአማርኛ ነው፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፤ ከዚያም ወተታችንን ይዘን እንወጣለን። ጠያቂው መልስ ሳያገኝ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ዘንድሮ ጥያቄው ከዘፈን ሳይሆን ከሰው አፍ መጣብን። ያውም ከአየርላንዳዊት አፍ። የዘፈኑ ጠንሳሽ ቦብ ጌልዶፍም የደብሊን ልጅ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ልጅቷ የጠየቀችን በንቀት አልነበረም፤ ለማወቅ ፈልጋ፣ ወንበሯን ስባ ቁጭ ብላ ነበር። እኛም መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበን ነው።

* * *

ነገሩ ወዲህ ነው። የምንኖረው በተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ ነው፤ በአንድ ኮሪደር አሥራ ሁለት ክፍል፣ ለአሥራ ሁለቱም አንድ ማድ ቤት። ከአሥራ ሁለቱ አምስታችን ኢትዮጵያውያን ነን፤ ሁለት ሴቶችና ሦስት ወንዶች። ልጅቷ ከኮርክ የመጣች ናት። አገራችን በጋ ሲሆን እዚህ ክረምት ነው፤ ክረምት ስንል ደግሞ ዝናብና ጭቃ ማለታችን አይደለም። ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ሰው ከሰው የሚገናኘው እዚያች ማድ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

በዚህ ወራት ስዊድኖች በየመስኮታቸው ሰባት ቅርንጫፍ ያለው የኤሌክትሪክ መቅረዝ ያኖራሉ። የእሷ ግን ሌላ ነበር። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ማታ አንዲት ተራ የሰም ሻማ አምጥታ ማድ ቤቱ መስኮት ላይ አበራች። ከመካከላችን አንዱ «ምነው፣ መብራት ሊጠፋ ነው እንዴ?» አላት። ሳቀችና አስረዳች። በአገሯ በገና ዋዜማ ሻማ መስኮት ላይ የሚበራው ማርያምና ዮሴፍ ማደሪያ አጥተው መንከራተታቸውን ለማስታወስ ነው፤ «ይህ ቤት ለመንገደኛ ክፍት ነው» ማለት ነው። ቀጥላም እ.ኤ.አ. በ1990 ሜሪ ሮቢንሰን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ በመኖሪያቸው መስኮት ላይ መብራት አኑረው ከአገር ለተሰደደው ወገን ሁሉ ምልክት እንዳደረጉት ነገረችን። «እንግዲህ ለእኔም ነው፤ ለእናንተም ይሁን» አለች።

ይህን ለመንገር የፈጀባት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ልብስ አልቀየረችም፤ አረንጓዴ ባርኔጣ አልደፋችም፤ አልጨፈረችም። ሆኖም ከዚያች ማታ ጀምሮ ስለ አየርላንድ አንድ ነገር እናውቃለን።

* * *

ሁለተኛው ነገር የመጣው ጃንዋሪ 6 ቀን ማታ ነው። ለእኛ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። በአየርላንድ፣ በተለይም በእሷ አገር በኮርክና በጎረቤቱ በኬሪ፣ ያ ቀን «ኖሊግ ና ማን» ይባላል፤ «የሴቶች ገና» ማለት ነው። በዓሉን ሁሉ ሲጋግሩና ሲቀቅሉ፣ ሲያቀርቡና ሲያነሱ የሰነበቱ ሴቶች በዚያን ዕለት ቁጭ ይላሉ። ማድ ቤቱን ወንዶች ይረከባሉ። ሴቶቹ ተጠራርተው ሻይ ይጠጣሉ፣ ኬክ ይበላሉ፣ ያወጋሉ።

ልጅቷም ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አዋጅ አስነገረች፦ ዛሬ ማታ ሴቶች ይቀመጣሉ! ሁለቱ እህቶቻችን ሳይውሉ ሳያድሩ ተቀመጡ። እኛ ወንዶቹ ቀረን። ጾም ስለሆነ ሽሮ ልንሠራ ተነሣን፤ አረረ። ቡና እንቁላ አልን። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። በጥር መጨረሻ ለሚደረገው የውጭ አገር ተማሪዎች የባህል ምሽት ያወጣነው ፕሮግራም «የኢትዮጵያ የቡና ሥነ ሥርዓት» ይላል፤ አስረጂ ተብሎ የተጻፈውም የአንዱ የእኛ ወንድ ስም ነው። ይኸው አስረጂያችን ያን ማታ መጥበሻውን ሲይዝ በሕይወቱ ቡና ቆልቶ እንደማያውቅ ታወቀ። ቡናው መታጠብ እንዳለበት አያውቅም። እሳቱን አጋመው፤ ፍሬው ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ ሆነ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ፎቁ ሁሉ በረዶ ላይ ወጥቶ በካልሲ ቆመ።

ሳቅነው፤ የሚያስቅም ነበር። ዳሩ ግን ተመልሰን ስንገባ ከሁለቱ እህቶቻችን አንደኛዋ ያለችው አላሳቀንም፦ «ለሦስት ዓመት በየባህል ምሽቱ ቀሚስ ለብሼ ቡና ቀድቻለሁ። አስረጂው ሁልጊዜ ወንድ ነው። ሲኒ የማጥበው እኔ። አንድ ቀን ማይክሮፎኑን ሰጥታችሁኝ ታውቃላችሁ?»

አናውቅም። እንግዲህ «ባህላችን» የምንለው ነገር በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ ያስተዋልነው አንዲት የባዕድ አገር ልጅ የራሷን በዓል ስላካፈለችን ነው።

* * *

ሽሮው ካረረ በኋላ በዳቦና በሻይ ተቀመጥን። ልጅቷ ከክፍሏ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ቆልማማ ዱላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከመካከላችን አንዱ ከደሴ ነው፤ ሙስሊም ነው። ዱላውን ገና ሲያየው «ይኼማ ገና ነው!» ብሎ ብድግ አለ። አገሩ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሜዳ ወርዶ ሩር እንዴት እንደሚለጋ፣ ላይኛው መንደር ከታችኛው እንዴት እንደሚገጥም፣ በዚያን ዕለት ጌታው እንኳ ሎሌው ቢያሾፍበት መቆጣት እንደማይገባው ነገራት። ነገራት እንላለን እንጂ የሰማነው እኛም ጭምር ነን።

እሷም የራሷን ነገረች። ጨዋታው ሃርሊንግ ይባላል። እንደ ተራ የገጠሬ ጨዋታ ተንቆ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ቱርልስ በምትባል ከተማ ጥቂት ሰዎች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው የአገሩን ጨዋታዎች የሚያነሣ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ የፍጻሜው ግጥሚያ የሚደረግበት የደብሊን ሜዳ 82,000 ሰው ይይዛል። ተጫዋቾቹ ደሞዝ አይከፈላቸውም፤ በሥራ ቀን መምህር፣ ገበሬ፣ ነርስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ ጨዋታውን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው።

ከዱላ ወደ ዱላ ተሻገረች። ሌላ ዱላ ነበር አለች፤ ትንሽ እንጨት፣ በክር ታስሮ በሕፃን አንገት ላይ የሚንጠለጠል። በ19ኛው ምእተ ዓመት ልጁ አይሪሽኛ በተናገረ ቁጥር እንጨቱ ላይ አንድ ምልክት ይቆረጥበታል። ማታ ምልክቱ ተቆጥሮ በዚያው ልክ ይገረፋል። ከሁሉ የሚመረው ደግሞ ብዙ ወላጆች ከመምህሩ ጋር ተስማምተው ማድረጋቸው ነው፤ «ልጄ እንግሊዝኛ ካላወቀ አሜሪካ ሄዶ ምን ይበላል?» ብለው።

ለምን እንደዚያ እንዳሉ ስትነግረን ድምፅዋ ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንች በበሽታ ጠፋ፤ የድሃው ምግብ ድንች ብቻ ነበር። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። እህሉ፣ ቅቤው፣ ከብቱ ግን ከዚያው አገር ወደብ በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። የደሴቲቱ ሕዝብ እስከ ዛሬ የያኔውን ያህል አልሆነም። በ1847 ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ወገን የሆኑት ቾክታዎች፣ ራሳቸው ከምድራቸው ተነቅለው በየመንገዱ ሙታናቸውን ከቀበሩ ገና 16 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 170 ዶላር አዋጥተው ላኩ። በእሷ አውራጃ በኮርክ፣ ሚድልተን በምትባል ከተማ ለዚያ ስጦታ መታሰቢያ የብረት ላባዎች ቆመዋል። ከ170 ዓመት በኋላ!

ስለ ቋንቋዋ ስትናገር አልተኩራራችም። እ.ኤ.አ. በ1892 ደግላስ ሃይድ የሚባል የቄስ ልጅ፣ ቋንቋውን ከመንደሩ ሽማግሌዎች አፍ የለቀመ ሰው፣ ሕዝቡ እንግሊዝን መቅዳት እንዲተው ደብሊን ላይ ንግግር አደረገ። በዓመቱ የጌሊክ ማኅበር ተመሠረተ። ሰውየው በ1938 የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሆኖም አለች፣ አይሪሽኛ ከአንደኛ ክፍል እስከ ሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ ተምሬ ዛሬም እየተንተባተብኩ ነው የምናገረው። በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከትምህርት ቤት ውጭ ቋንቋውን በየቀኑ የሚናገረው 72,000 ሰው ገደማ ነው። «ቋንቋ ከአንገት የሚወርደው በአንድ ትውልድ ነው። መልሶ ለማንሣት መቶ ዓመት አልበቃንም» አለች።

ከዚያ ሻይዋን ቀዳችና ወደ እኛ ዞረች፦ «ነገ ገናችሁ ነው አይደል? እናንተስ ገናን እንዴት ነው የምታውቁት?»

* * *

ዝም።

አንዱ «ዶሮ ወጥ እንሠራለን» አለ። «እሱ የምትበሉት ነው፤ የምታደርጉትስ?» አለች። «ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።» «ምን ይባላል እዚያ?» ሌላው ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። ስለ ገዛ አገሩ ገና ከስልክ! ጾሙ ኅዳር 15 እንደሚገባ የሚያውቅ አልተገኘም። ላሊበላ ላይ በገና ማለዳ ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው የሚያዜሙት «ቤዛ ኵሉ» ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ አልተገኘም። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ባለቤቶች ነን የምንል አምስት ሰዎች አንዲት ሻይ እስክትቀዘቅዝ የሚበቃ ቃል አጣን። ከአምስታችን ስለ ገና በቂ ነገር የተናገረው ገናን የማያከብረው የደሴው ልጅ ብቻ ነበር።

ወይ ነዶ! ለዘፈኑ ስንበግን የኖርነው እኛ ነን?

* * *

በሳምንቱ የባህል ምሽቱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ፕሮግራሙ እንዲለወጥ ጠየቅን። ጦርነት ተነሣ። የተቃወሙንን ስም አንጠራም፤ ክርክራቸውን ግን አንድ በአንድ እንጠራለን፤ ምክንያቱም ነገ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኝ ወንድምና እህትም ይህ ክርክር አይቀርለትም።

አንደኛው፦ «ፈረንጅ ይህን ሁሉ አይፈልግም። ቡና አሽትቶ፣ እስክስታ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ነው የሚፈልገው።»

ቡናም እስክስታም ጠልተን አይደለም፤ አይባልብን። ነገር ግን ለእንግዳው ደስ የሚለውን ብቻ እየመረጡ ማቅረብ መስተንግዶ ይባላል እንጂ ባህል ማካፈል አይባልም። መስተንግዶ ሙያ ነው፤ የሚሠሩት ደሞዝ ይከፈላቸዋል። ቡናችን ስኒና ጭስ ብቻ ነው እንዴ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ድረስ ጎረቤት የሚታረቅበት፣ ልጅ የሚዳርበት፣ የሞተ የሚታሰብበት ሸንጎ አይደለም ወይ? ይህን ሳይነግሩ ስኒ ማዞር ደብዳቤውን አስቀርቶ ፖስታውን መላክ ነው። ደግሞስ ግድግዳው ላይ የምንሰቅለው የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ማስታወቂያ! አንድ እንግዳ «አሥራ ሦስተኛው ወር ምንድን ነው?» ቢለን ጳጉሜን ለምን አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት ቀን እንደምትሆን የሚያስረዳው ማን ነው? ከኮሚቴው አንድ እጅ አልወጣም።

ሁለተኛው፦ «ረሃቡን አታንሡብን! ስማችን እስከ ዛሬ ከእሱ አልተላቀቀም።»

ይህ ሕመም የእኛም ሕመም ነው። የትኛው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነው «ከየት ነህ?» ተብሎ መልሱን ሲሰጥ የጠያቂው ፊት በሐዘኔታ ሲለወጥ ያላየ? ነገር ግን ያችን አየርላንዳዊት ተመልከቷት። እሷ ረሃቧን ስትነግረን አላዘንንላትም፤ አከበርናት። ለምን? ባለቤቷ እሷ ስለሆነች። ስንት እንደሞተ፣ ለምን እንደሞተ፣ እህሉ የት እንደሄደ፣ ማን እንደረዳ ስለምታውቅ። እኛ የእኛን ለዘፋኝ ሰጠነው፤ ዘፋኙም እንደገባው ዘፈነው። በ1977 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ሲከበር ሰሜኑ እየረገፈ እንደነበር፣ ወሬውም እንዳይወጣ እንደታፈነ፣ በጥቅምት የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ገብቶ ለዓለም እንዳሳየው፣ ይህን ቅደም ተከተል ከእኛ አፍ የሰማ የውጭ ተማሪ አለ ወይ? ድርቅ የሰማይ ነው፤ ረሃብ ግን የሰው እጅ አለበት። ይህን ካልተናገርን «አገሩ ሁልጊዜ የሚራብ አገር ነው» የሚለውን ተረት ፈርመን ማጽደቃችን ነው።

ደግሞም እኛ ተማሪዎች ይህን የማድረግ ታሪክ አለን። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን የረሃብ ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። መንግሥት የሸሸገውን ተማሪው በዓይኑ አየ። ከዚያ ወዲያ ግቢው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ያ ትርዒት አልነበረም? ባህል አልነበረም? እውነትን ለጎረቤት ማሳየት ከሁሉ የበለጠ ባህል ነው እንላለን።

ሦስተኛው፦ «የማን ባህል?» ይህን ያነሣው ከወለጋ የመጣ ወንድማችን ነው። ከእኛ ወገን ነው፤ ሆኖም ያለውን ሳናለዝብ እናቀርበዋለን። «ስለ አየርላንድ ሕፃን አንገት እንጨት ስትሰሙ እንባችሁ መጣ» አለ። «አያቴ ትምህርት ቤት ውስጥ ኦሮምኛ በመናገራቸው ተገርፈዋል። የእሳቸው እንጨት አማርኛ ነበር። የባህል ምሽታችሁ ይህንንም ይጨምራል ወይ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥቂቶች «ይህን በባዕድ ፊት?» ብለው አጉረመረሙ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ አዎን፣ ይጨምራል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ኦሮምኛ ከክፍሉ በር ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋ ማስተማሩ፣ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መፍቀዱ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አልነበረም፤ ብዙ ሰው የጮኸበት ነው። በገዛ አንገቱ የተንጠለጠለውን እንጨት ብቻ የሚያይ፣ በእጁ የያዘውን የማያይ ሰው ስለ ባህል ሊያስተምር አይነሣ። ያ ወንድማችን ስሙን በፕሮግራሙ ላይ አስገብቷል። በኦሮምኛ ይናገራል፤ ተርጓሚ ቆሞ ይተረጉምለታል።

አራተኛው፦ «ልጅቷስ ራሷ በእንግሊዝኛ አይደል የምታወራው? ቋንቋዋን የጣለች ለቋንቋ ልታስተምረን ነው?»

ይህ የሁሉም ሰነፍ ክርክር ነው፤ የሁሉም መልስ ግን እዚህ ውስጥ አለ። እሷ ያጣችውን ታውቃለች፤ ስሙን ጠርታ ታለቅስለታለች፤ እየተንተባተበችም ትለማመዳለች። እኛ ያለንን ሳናጣ እንጥላለን። እስቲ የራሳችንን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እናንብብ። «አክቹሊ ይሄ ኢሹ በጣም ሴንሲቲቭ ነው፣ ቤዚካሊ ኦዲየንሱን ኮንሲደር ማድረግ አለብን።» ይህ ምን ቋንቋ ነው? ማን አንገታችን ላይ እንጨት አሰረ? አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ልጅ በግቢው ውስጥ አማርኛ ከተናገረ እንደሚቀጣ ከመካከላችን በገዛ ጆሮዋ የሰማችው፣ በገዛ ኪሷም የቅጣት ሳንቲም የከፈለችው አለች። ወላጅ ለዚያ ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል! የ19ኛው ምእተ ዓመት የአየርላንድ ገበሬ ቢያንስ ረሃብ ነበረበት። እኛን ምን ራበን?

እንግሊዝኛ አትማሩ አላልንም። ተማሩ፤ እኛም የምንማርበት ነው። ነገር ግን ሌላ ልብስ ለመልበስ ቆዳ አይገፈፍም።

* * *

እንግዲህ ምን ይሁን? ክርክር ብቻ አስነሥቶ መጥፋት የዚህች መጽሔት ልማድ ስላልሆነ ያቀረብነውን እዚህ እንዘረዝራለን። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ብልጫ ተቀብሎታል። አንዷን ድምፅ የሰጠው ያ ቡና ያሳረረው አስረጂያችን መሆኑን ለታሪክ እንመዘግባለን።

የአሥራ ሦስት ወሩ ማስታወቂያ ይወርዳል፤ በቦታው ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ አንድ ሰው ቆሞ ዘመናችን እንዴት እንደሚቆጠር በጠመኔ ያስረዳል። ሰው አግኝተናል፤ የሂሳብ ተማሪ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ለሦስት ዓመት አብሮን ሲኖር አንድም ቀን ጠይቀነው አናውቅም ነበር። የ1965ቱና የ1977ቱ ረሃብ ከነምክንያቱ፣ ከነቀኑ በአንድ ግድግዳ ላይ ይጻፋል፤ ከጎኑ ያች አየርላንዳዊት የራሷን ትጽፋለች። ጎን ለጎን። የሚያነብ ሰው ሁለቱን ያስተያይ። እያንዳንዱ ተናጋሪ በቋንቋው ይጀምራል፤ ከዚያ ይተረጎማል፤ ተመልካቹ ያልገባውን ድምፅ ለሁለት ደቂቃ ቢሰማ አይሞትም። ማይክሮፎኑ የእህቶቻችን ነው።

እስክስታውም አይቀርም፤ መጨረሻ ላይ ነው። ሲጨፈር ግን እንግዳው ከየት እንደመጣ፣ በምን ጊዜ እንደሚጨፈር ሰምቶ ይጨፍራል።

ገናስ? ለጥያቄው መልስ መስጠት ጀምረናል። ባለፈው እሑድ ከሕንፃው በስተጀርባ በረዶ ላይ ወጥተን በርች ከሚባለው ዛፍ በቆረጥነው ቆልማማ ዱላ ገና ለጋን። ሩሩ ከእንጨት ተጠረበ። ዳኛው የደሴው ልጅ፣ የላይኛው ቡድን አለቃ ኮርካዊቷ ነበሩ። የእሷ ወገን አሸነፈን፤ ሩሩ በረዶ ውስጥ ሰጥሞ ሦስት ጊዜ ጠፋ። አላፊው ስዊድናዊ ሁሉ ቆሞ «ምንድን ነው የምትጫወቱት?» ይለን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ሳናወጣ መለስን።

የሚቃወመን ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው። ልምምዱ ዓርብ ከምሽቱ በአንድ ሰዓት በማድ ቤታችን ነው። ቡና ይኖራል። የሚቆሉትም፣ የሚቀዱትም፣ ሲኒ የሚያጥቡትም ወንዶች ናቸው፤ ስለዚህ መስኮቱ ይከፈታልና ካፖርት ለብሳችሁ ኑ።